የእርሻው ዳርቻ የማን ነው?

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ ክፈቱልኝ፤ ቁጥር 9 እና 10 ነው። ዘዳግም 24 ላይ ደግሞ ጣታችሁን አስቀምጡ፣ እንመለስበታለን። ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ እንጀራ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁላችንም ኤአይ የምንለው ነገር፣ እዚሁ በምንኖርበት በቤይ ኤሪያ የወንድሞቻችንንና የእህቶቻችንን እንጀራ እየነካ ነው። ቃሉ ስለዚህ ምን ይላል?

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አምልኮ አልቋል። በርክሌ ያለውን ሕንፃ የሚያከራዩን ወገኖች፣ ጌታ ይባርካቸውና፣ ሰዓታችን እንዳለቀ መብራት ማጥፋት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ወንበሩን አጣጥፈን ቶሎ ወጣን። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ታላቅ ወንድማችን መኪናቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። እኚህ ሰው 19 ዓመት ነድተዋል። መጀመሪያ ታክሲ፣ በኋላ በአፕ። ከኦክላንድ ኤርፖርት እስከ ሳን ሆዜ ያለውን የ880 መንገድ ጉድጓዱ ሳይቀር ያውቁታል፤ ሦስት ልጆች ኮሌጅ ያስገቡት በዚያ መሪ ነው።

«ፓስተር» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳትሰብክ ግን መልስልኝ። አርብ ማታ ሳን ፍራንሲስኮ መብራት ይዞኝ ቆምኩ። በግራዬ ሾፌር የሌላት መኪና፣ በቀኜ ሾፌር የሌላት መኪና፣ መሐል ላይ እኔ። ዞር ብዬ ሰላም የምለው ሰው እንኳ አጣሁ። በዚህ ነገር ልጸልይ ነው ወይስ ልቆጣ?»

እኔም ሳልሰብክ መመለስ አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል» አልኳቸው። ሳቁ። «19 ዓመት ሙሉ በር ስከፍት የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉኝና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ያ ሳቅ እንቅልፍ ነሳኝ። ከእሳቸው ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ደግሞ አንድ ወጣት ኢንጂነር ይቀመጣል። ሥራው መኪና መንገዱን በራሷ እንድታይ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ይህን መልእክት እያዘጋጀሁ መሆኔን ሰምቶ ደወለልኝ፤ «ፓስተር፣ የሰው እንጀራ የምነጥቀው እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። ሁለቱም መባቸውን የሚጥሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ የሁለቱም መጋቢ ነኝ።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መኪናዋ ሰይጣን አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ 40 ሺህ ገደማ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። የማይተኛ፣ የማይጠጣ፣ ስልክ የማይነካ መሪ ያንን ቁጥር ቢቀንስ ደስ የማይለው ክርስቲያን ካለ ልቡን ይመርምር። ዓይነ ስውር የሆነ ወንድም ማንንም ሳይለምን የሚሄድበት መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። እና «ይሄ የአውሬው ምልክት ነው» የሚለውን ስብከት ከእኔ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አታገኙትም። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

የሆነው ይህ ነው። በኦገስት 2023 የካሊፎርኒያ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ክሩዝና ዌይሞ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቀንና ሌሊት ሾፌር በሌለው መኪና ሰው እያሳፈሩ እንዲያስከፍሉ ፈቀደላቸው። ክሩዝ በኦክቶበር በአንዲት እግረኛ ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ፈቃዱ ታገደ፤ ኋላም ከታክሲ ሥራው ወጣ። ዌይሞ ቀጠለ። በጁን 2024 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ፤ በ2025 ጸደይ በሚሠራባቸው ከተሞች ሁሉ በሳምንት ከ250 ሺህ በላይ የሚከፈልበት ጉዞ እንደሚያደርግ ባለቤቱ ኩባንያ ተናገረ። አሁን ሳን ሆዜም ደርሷል።

ይህ የመጀመሪያው ማዕበል እንዳልሆነም አትርሱ። ከ2010 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የታክሲ ፈቃዱን፣ ሜዳሊዮን የሚሉትን፣ በ250 ሺህ ዶላር ለሾፌሮች ሸጠ። ብዙ ስደተኛ ሾፌር ተበድሮ ገዛ፤ ጡረታዬ ነው ብሎ። ብዙም ሳይቆይ አፑ መጣ፤ ሜዳሊዮኑ የሚገዛው ጠፋ፤ ዕዳው ግን ቀረ። አሁን ደግሞ አፑን ተከትሎ ሾፌር የሌላት መኪና መጣች።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ወጣቱ ኢንጂነር ነገ ከሥራው ቢቀነስ ምን ይሆናል? ያማል፣ አላቃልለውም። በሥራ ቪዛ ያለ ከሆነ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘ አገሩን ጥሎ ሊወጣ ነው። ነገር ግን ትልቅ ኩባንያ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት የካሊፎርኒያ ሕግ ያዛል። የሥራ አጥነት መድን አለ፤ በሳምንት ቢበዛ 450 ዶላር፣ እስከ 26 ሳምንት። 450 ዶላር በዚህ አገር የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም አለ።

ታላቅ ወንድማችንስ? እሳቸውን ማንም አያሰናብታቸውም። ደብዳቤ አይመጣም፣ ስብሰባ አይጠራም። ስልኩ ዝም ይላል፣ በቃ። ትናንት በሰዓት አራት ጊዜ ይጮህ የነበረው ዛሬ አንዴ ይጮሃል። ከሥራ የወጡበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ሥራ አጥ አይባሉም። በ2019 ካሊፎርኒያ ኤቢ 5 የተባለውን ሕግ አውጥታ እንዲህ ያሉ ሾፌሮች እንደ ተቀጣሪ እንዲቆጠሩ መንገድ ከፍታ ነበር። ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በፈሰሰበት ዘመቻ በኖቬምበር 2020 ፕሮፖዚሽን 22ን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ አለፈ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁላይ 2024 አጸናው። ሕጉ ለሾፌሩ ምንም አልሰጠም አልልም፤ ጥሪ ከተቀበለበት ደቂቃ ተሳፋሪ እስኪያወርድ ላለው ጊዜ የአነስተኛ ደመወዙን 120 በመቶ ዋስትና ሰጥቷል። ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ግን አይቆጠርም። ሥራ አጥነት መድን የለውም። ማሽኑ ሲመጣ የሚረዝመው ደግሞ ያው ቆሞ የሚጠበቅበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ሁለት ሰው ይመታል፤ አንዱ የሚወድቅበት ፍራሽ አለው፣ ሌላው ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። ይህን ልዩነት ማሽኑ አልሠራውም። ሰው ነው የሠራው፤ በድምፅ መስጫ ወረቀት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ስታይ የምትለው ምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር። አንዱ ስብከታችን «ሙያህን አሻሽል» ነው። 58 ዓመት የሞላውን ሰው ኮዲንግ ተማር እንለዋለን፤ ኮዲንጉንም ማሽኑ መጻፍ በጀመረበት ዓመት። ሌላው እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ያልኩት ነው። ጌታ በር ይከፍታል፣ እውነት ነው፤ ግን አንድ ሰው ስለ ፍትሕ ሲጠይቀኝ ስለ ተስፋ ከመለስኩለት፣ በተስፋ አፉን ዘጋሁት እንጂ አላጽናናሁትም።

እኔ የተወለድኩት አርሲ ነው፣ ከአሰላ ብዙም ሳይርቅ። ልጆች ሆነን የመንግሥት እርሻው ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ ከኋላው እየተከተልን ቃርሚያ እንለቅም ነበር። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ከጎናችን ላሉት እናቶች ግን ራት ነበር። አያቴ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ታወራ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ካዱ የሚባለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው መልካም ነበር፣ ትንሹ ገበሬ እንዲያገኝ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ስንዴው በዛ። ስንዴው ሲበዛ መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ ሲወደድ ባለ መሬቱ ትራክተርና ኮምባይነር አመጣና ጭሰኛውን ውጣ አለው። ጭሰኛውን የሚጠብቅ ሕግ ተረቅቆ ፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ አላለፈም። ስንዴው በዝቶ ጭሰኛው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ የመጣውን አብዮትና በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የመሬት አዋጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕጉ ጭሰኛው ከተባረረ በኋላ ነው የደረሰው፤ የብዙ ሰው ደምም ከፊትና ከኋላው ነበር።

አሁን ዘሌዋውያን 19ን እንየው። ጌታ ለእስራኤል መከር ስታጭዱ እርሻችሁን እስከ ዳርቻው ጠርጋችሁ አትጨዱ፣ የወደቀውን ቃርሚያ አትልቀሙ፣ ለድሃውና ለመጻተኛው ተዉት ይላል። ልብ በሉ፤ አትጨዱ አላለም። ማጭድም አልከለከለም። ደግሞም ካጨዳችሁ በኋላ ምጽዋት ስጡ አላለም። ዳርቻውን መጀመሪያውኑ አትንኩት ነው ያለው። ምን ማለት ነው? ያ ዳርቻ የባለ እርሻው አይደለም ማለት ነው። የሰው ንብረት ምጽዋት አድርጋችሁ መስጠት አትችሉም።

ሴሚናሪ ሳለሁ የዕብራይስጥ መምህራችን «ፔአ» የሚለውን ቃል ጽፎ ግማሽ ቀን አዋለን፤ ያኔ ተሰላችቼ ነበር፣ አሁን አመሰግነዋለሁ። ፔአ ማለት ዳርቻ፣ ማዕዘን ነው። ኦሪት ለዳርቻው ልክ አላወጣለትም። የአይሁድ ሊቃውንት ግን በኋላ ሚሽና ውስጥ በዚሁ ስም አንድ ሙሉ ክፍል ጻፉ፤ ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ ብለው ወሰኑ። ባለ እርሻው የወደደውን ድሃ መርጦ ማስገባት፣ ያልወደደውን መከልከልም አይችልም። እዩ፣ ልግስና ለስሜት አልተተወም። ቁጥር ወጣለት።

ዛሬ ኩባንያዎቹ ኤፊሸንሲ የሚሉት ምንድን ነው? እርሻውን እስከ መጨረሻዋ ዘለላ ማጨድ ነው። ኮምባይነሩ ምንም ሳይጥል ቢያጭድ ለባለቤቱ እሰየው ነው፤ ከኋላው ለሚከተሉት እናቶች ግን ራት የለም። እግዚአብሔር በሕጉ ውስጥ ሆን ብሎ ጥቂት ብክነት አስገባ። ሩት የበላችው ከዚያ ብክነት ነው፤ ዳዊትም የሩት የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ቦዔዝ ደግ ሰው ነበር፣ አዎ። ሩት ግን ቦዔዝን ሳታውቀው ነው ወደ እርሻ የወጣችው፤ ሕጉ ስለነበረ። ደግሞም ቁጭ ብላ አልተሰጣትም። ጎንበስ ብላ እስከ ማታ ለቀመች፣ ወቃች፣ ተሸክማ ገባች። ዳርቻው ሥራዋንም ክብሯንም ጠበቀላት።

ጣታችሁን ያስቀመጣችሁበት ዘዳግም 24 ቁጥር 6 ደግሞ የሰውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ወፍጮውን የወሰደ ነፍሱን ወሰደ ብሎ ይቆጥረዋል። የሾፌሩ ወፍጮ በየወሩ ዕዳ የሚከፍልባት መኪና ናት።

«ፓስተር፣ ይሄ የገበሬ ዘመን ሕግ ነው፤ ለእኛ እንዴት ይሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ከዚህ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ኦክላንድ ወደብ ላይ የቆሙትን እነዚያን ትልልቅ ነጭ ክሬኖች እዩ። በእነሱ ቦታ ድሮ ሰው ነበር፤ ጆንያ በትከሻው የሚሸከም። ኮንቴይነር ሲመጣ የጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ማኅበር ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ማሽኑን መታገል ወይም ዝም ብሎ መበላት። መሪያቸው ሃሪ ብሪጅስ እንደ እኛው መጻተኛ ነበር፤ ከአውስትራሊያ በመርከበኛነት የመጣ፣ መንግሥት ከአገር ሊያስወጣው ዓመታት የታገለው። በ1960 ሦስተኛ መንገድ ፈለጉ። ማሽኑ ይግባ፤ ግን ከሚያመጣው ትርፍ ድርሻ አለን አሉ። አሠሪዎቹ በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ 29 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ ፈንድ ሊከፍሉ ፈረሙ። የተመዘገበ ሠራተኛ በማሽን ምክንያት እንዳይባረር፣ 25 ዓመት ያገለገለ ጡረታ ሲወጣ ከጡረታው በተጨማሪ 7,920 ዶላር እንዲያገኝ ተስማሙ። ይህ ፔአ ካልሆነ ምንድን ነው?

ግን ሳላስጌጥ ልንገራችሁ። በዚያ ስምምነት ውስጥ «ቢ» የሚባል ዝቅተኛ መዝገብ ላይ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ ያንኑ ሸክም እየተሸከሙ ድምፅ ያልነበራቸው፣ ከፈንዱም ድርሻ ያላገኙ። የወደቡ ሥራ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ኦክላንድ ሲሻገር የሰው ቁጥር እየመነመነ ሄደ፤ በ1971 ሠራተኞቹ ራሳቸው ተቆጥተው ከ100 ቀን በላይ ሥራ አቆሙ። ድርድር ያደረገ ለራሱ ዳርቻ አስቀረ፤ ወንበር ያልነበረው አላገኘም። የዛሬ ሾፌሮቻችን ያሉት በ«ቢ» መዝገብ ላይ ነው፤ ያውም መዝገብ ካላቸው።

ስለዚህ አንዳንድ ነገር ማወቅ ግዴታችን ነው። በኦክቶበር 2025 ገዢው ጋቪን ኒውሰም ኤቢ 1340ን ፈርመዋል፤ የአፕ ሾፌሮች በማኅበር ተደራጅተው ከኩባንያ ጋር እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ነው። በዚያው ወር ደግሞ ሠራተኛን ለመቅጣትና ለማባረር ማሽን ብቻውን እንዳይወስን የሚለውን ኤስቢ 7ን ሳይፈርሙ መልሰውታል። በሆስፒታል ለአማርኛ ተናጋሪ የምታስተረጉሙ እህቶች፣ በ2024 የወጣው የፌዴራል ጤና ደንብ ማሽን የተረጎመውን ወሳኝ ጽሑፍ ብቁ የሆነ ሰው እንዲያየው ያዛል። ይህ የእናንተ ዳርቻ ነው፤ ሲጣስ ዝም አትበሉ። ለሾፌር የሥራ አጥነት ክፍያ አይቻልም ለሚሏችሁም በ2020 ወረርሽኙ ጊዜ ኮንግረስ በራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች ፈቅዶ እንደከፈለ ንገሯቸው። ብዙዎቻችሁ በዚያ ብር ነው ኪራይ የከፈላችሁት። ኢንጂነሮቻችንም፣ እናንተ ማጭዱን የሠራችሁ እንጂ የእርሻው ባለቤት አይደላችሁም፤ ግን እርሻው ቤት ስትገቡ ትሰማላችሁ፣ ትጠየቃላችሁ፣ ድምፅ አላችሁ። ሩት ያ የላትም።

ልጸልይ ወይስ ልቆጣ ላሉኝ ወንድማችን መልሱን ነህምያ ላይ አገኘሁት። በምዕራፍ 1 ይጸልያል፣ ያለቅሳል፣ ይጾማል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን በመያዣ እንዳስያዘ ሲሰማ እጅግ ይቆጣል፣ ጉባኤ ይጠራል፣ ባለጠጎቹን ፊት ለፊት ይናገራል። ሁለቱንም አደረገ። ግን ቁጥር 10ን እዩ፤ እኔና ወንድሞቼም ስናበድር ነበር ብሎ ራሱን ይጨምራል።

እኔም ራሴን ልጨምር። ይህን ስብከት በጽሑፍ የምታነቡት አንዲት እህታችን አራት ዓመት ድምፄን ሰምታ ትተይብ ስለነበር ነው። ማታ ማታ፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ። ትንሽ ገንዘብ እንሰጣት ነበር፤ ለእሷ ግን የመኪና ኢንሹራንሷ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድም ድምፅን ወደ አማርኛ ጽሑፍ የሚቀይር ኤአይ አሳየኝ፤ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። እኔም «ከእንግዲህ አትድከሚ» የሚል መልእክት ላክሁላት። እንዲህ ነው ያልኳት፤ እንዳሳረፍኳት ቆጥሬ። አሜን ብላ መለሰች። ስልኳ ዝም አለ። እርሻዬን እስከ ዳርቻው አጭጄ ነው እናንተን ስለ ዳርቻ ልሰብክ የተነሳሁት።

ማክሰኞ ዕለት ደወልኩላትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ፓስተር፣ ባለፈው ወር ስለ ሩት የሰበኩትን ማሽኑ እንዴት እንደጻፈው አይተውታል?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ቃርሚያ ያልኩትን በሙሉ «ካርማ» ብሎታል። ሩት ከቦዔዝ እርሻ ካርማ ስትለቅም ብሎግ ላይ ከርማለች፤ እናንተም አንብባችሁ ምንም አላላችሁኝም። ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረናል፤ ማሽኑ የጻፈውን እያረመች ታወጣዋለች፣ የሚከፈላት የቀድሞው ነው። ይህን ጽሑፍም ያረመችው እሷ ናት።

በሚመጣው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ታችኛው አዳራሽ ውስጥ እንቀመጣለን። ሕንፃውን ከሚያከራዩን ወገኖች እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ለምኜላችኋለሁ። የምትነዱ፣ የምታስተረጉሙ፣ ከሥራ የተቀነሳችሁ፣ ሶፍትዌሩን የምትሠሩም ኑ። ስለ ኤቢ 1340 አመዘጋገብ የሚያስረዳ ሰው ይኖራል። መጀመሪያ የሚናገሩት መኪና ማቆሚያው ላይ የጠየቁኝ ወንድማችን ናቸው፤ እኔ እንዳልሰብክ ቃል አስገብተውኛል።